ክር የገባባቸው መርፌዎች

በዚያ የሠርግ ልብስ ስፌት ቤት ጠርዝ በመኪና አይሰፋም። ሁሉም «እትዬ» የሚሏት ባለቤቷ፣ «መኪና ይቸኩላል፤ ሙሽራ ደግሞ የተቸኮለበት ነገር አትለብስም» ትላለች። ስለዚህ ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ይቀመጡና ቀሚሱን ከሁለት ወገን እየዘመዘሙ መሐል ላይ ይገናኛሉ። የተገናኙበት ቦታ ከታወቀ ተፈትቶ እንደ አዲስ ይሰፋል።

በመስኮቱ በኩል ያለው ጠረጴዛ የእጀ ወርቅና የሳቂታ ነበር። ሁለቱም ስማቸው እዚያው የወጣላቸው ነው። እጀ ወርቅ ዝምተኛ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከዚያች ወንበር ሌላ የእኔ የምትለው የላትም። ሳቂታ ለሁለት ታወራለች፣ ለሁለት ትስቃለች። የሁለቱ ስፌት የት ላይ እንደተገናኘ ግን እትዬ መነጽሯን ወልውላም አታገኘውም።

አንድ ዓመት የእጀ ወርቅ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየበላች ትከሳለች፤ ሰው ሹራብ ሲደርብ እሷን ያልባታል፤ ልቧ ቁጭ ባለችበት ዳገት እንደወጣ ሰው ይመታል። ስፌቱስ አንዴ ከተጀመረ ጨርቁ እጇን ይደግፍላታል፤ የከፋው መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት ነበር።

ሳቂታ አየች። በማግስቱ ቀድማ ገብታ በመርፌዎቹ ሁሉ ክር አስገብታ፣ በቀይዋ የመርፌ ትራስ ላይ ሰክታ ጠበቀቻት። መስኮቱንም ከፍታላታለች።

«ምነው እህቴ፣ ይሄ ሁሉ?»

«ዝም ብለሽ ስፊ። እትዬ እንዳታይሽ።»

እንዲህ እያሉ ከረሙ። ሐኪም ቤት የወሰደቻትም እሷው ናት። ሐኪሟ ትልቅ ሴት ነች፤ የእጀ ወርቅን አንገት በሁለት ጣቷ ዳሰሰች፣ ደም አስቀዳች፣ ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱንም አስቀመጠቻቸው።

«አንገትሽ ላይ ያለችው የታይሮይድ እጢ ከልክ በላይ እየሠራች ነው። እጅሽን የሚያንቀጠቅጠው፣ ሙቀት የሚያስጠላሽ እሱ ነው። ነጭ የደም ሴሎችሽንም አየሁ። አንዱ ዓይነት ከሌላው ጋር ያለው ሚዛን ትንሽ ተዛብቷል። ይሄ ሰውነት ውስጥ ብግነት እንዳለ ይጠቁማል።»

«ብግነት ምንድነው?» አለች እጀ ወርቅ።

«መቆጣት ነው፤ ቁስል ሲቆጣ እንደሚሆነው። ነጮቹ ሴሎች የሰውነት ዘበኞች ናቸው። ያንቺዎቹ ሌባውን ትተው የገዛ ቤታቸው ላይ ተነስተዋል።»

«የኛ ሰፈር ዘበኛስ!» አለች ሳቂታ፤ «ሌባ ሲመጣ ይተኛል፣ እኔ ሳመሽ ይጮህብኛል።» ሐኪሟም ሳቀች።

«የነጩ ሴል ቁጥር ብቻውን አይፈርድም፤ በሽታውን ያሳየኝ የሆርሞኑ ምርመራ ነው። አይተላለፍም፣ መድኃኒትም አለው። መድኃኒቱ አልፎ አልፎ ነጩን ሴል ስለሚቀንስ፣ ካተኮሰሽ ወይም ጉሮሮሽን ካመመሽ ግን ዛሬ ነገ ሳትዪ ነይ።»

እጀ ወርቅ እፎይ ብላ ወጣች። መንገዱን ሙሉ የሳቂታን ክንድ ይዛ ሄደች።

ብዙም ሳይቆይ እትዬ ጠራቻት።

«ከነገ ጀምሮ ካውያ ላይ ነሽ፤ መተኮስ ላንቺ ይቀላል። በቦታሽ የሳቂታ እህት ልጅ ትቀመጣለች።»

«ምን አጠፋሁ እትዬ?»

«ምንም። ደምሽ ተበላሽቷል፣ ዘበኞቹ አልቀዋል፣ እጅሽም አይመለስም ተብለሻል አሉ።»

«አልቀዋል አልተባለም» አለች ቀስ ብላ።

«ሳቂታ በጆሮዋ ሰምታለች። ካንቺ በላይ የምታዝንልሽ እሷ አይደለችም እንዴ?»

ካውያው ያለበት ክፍል መስኮት የለውም። እንፋሎቱ ፊቷን ሲመታት ላቧ በጀርባዋ ይወርዳል። ሙቀት እንደማትችል በዚያ ቤት የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያችው ሰው ቀሚስ ታቅፋ መጣች።

«አብረን ሰምተን የለ እህቴ?»

ሳቂታ ሳቀች፤ ጥርስ ባዳ ነው። «እንዳትደክሚ ብዬ እኮ ነው። ደግሞ ልጅቷ ሥራ አጥታ ስታለቅስ አላስችል አለኝ። አንቺ አንድ ራስሽን ነሽ፣ ምን ይጎድልብሻል?»

እጀ ወርቅ ቀሚሱን ተቀብላ እጅጌውን መተኮስ ጀመረች። እንባና ላብ አንድ ላይ ሲወርድ ማንም አይለየውም።

መድኃኒቷን አላቋረጠችም። ለምርመራ ብቻዋን ተመላለሰች። ወራት አለፉ፤ ሆርሞኑ ወደ ልኩ ወረደ፤ ሐኪሟም «ዘበኞችሽም ረግበዋል» አለቻት። ልቧ ሰከነ፤ እጇም እንደ ድሮው።

አንድ ቀን እትዬ ከመስኮቱ ጠረጴዛ በኩል ስትቆጣ ተሰማ። የሙሽራዋ እናት ቆማ ትጠብቃለች፤ የልጅቷና የሳቂታ ስፌት የተገናኘበት ቦታ እንደ ጠባሳ ይታያል። እጀ ወርቅ ካውያውን አቁማ ወጣች። ከቀይዋ የመርፌ ትራስ ባዶ መርፌ ነቅላ፣ ወደ ብርሃኑ አነሳችና ክሩን በአንድ ጊዜ አስገባች። እትዬ መርፌውን አየች፣ እጇን አየች፣ ከዚያ ሳቂታን አየች።

«ነገ ወደ ቦታሽ ተመለሽ» አለች። «ልጅቷን ቁልፍ እንድትተክል አደርጋታለሁ።»

በማግስቱ እጀ ወርቅ ስትገባ መስኮቱ ተከፍቷል። ቀይዋ ትራስ እንደ ጥንቱ፣ ክር በገባባቸው መርፌዎች ተሞልታ ከወንበሯ ፊት ተቀምጣለች። ሳቂታ ፈገግ ብላ ትጠብቃታለች።

እጀ ወርቅ ተቀመጠች። አንዱን መርፌ አነሳች፣ ክሩን መዝዛ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ። ሁሉንም ባዶ ካደረገች በኋላ፣ ቀና ሳትል፣ አንድ በአንድ እንደገና ራሷ አስገባች።