የጋሽ ሞገድ ሬዲዮ

በምሠራበት ስፌት ቤት፣ መስኮቱ ሥር የሚቀመጡትን አዛውንት ልብስ ሰፊ ጋሽ ሞገድ እንላቸዋለን። ስሙ የወጣላቸው በሬዲዮአቸው ነው። አሮጌ ናት፤ የቆዳ ልብሷ በላስቲክ ታስሯል፤ የምትይዘውም መካከለኛ ሞገድ ብቻ ነው።

ድምፁ ይመጣል፣ ይርቃል፣ ተመልሶ ይመጣል። እሳቸውም ወደ በሩ፣ ወደ ግድግዳው፣ እንደገና ወደ መስኮቱ ያዞሯታል። ቆራጯ “የጠባ ሕፃን ሊያስገሱ ነው” ትላቸዋለች። ጣቢያው ጥርት ብሎ ሲገባ ግን ፊታቸው ይፈታል፤ የእኛም እንደዚያው። አንዳንዴ ሲመሻሽ ከሩቅ አገር የማናውቀው ቋንቋ ጣልቃ ይገባል። ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ሬዲዮዋ መንጫጫት ከጀመረች ልብስ ያሰጣ ያስገባ ይላሉ፤ የሩቅ መብረቅ ይሰማታል። እኔ ትምህርቴን በልጅነቴ ነው የተውኩት። ስለ ባሕሩም ስለ ከዋክብቱም የማውቀውን ሁሉ የሰማሁት ከዚያች ሬዲዮ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚተረከው ልብ ወለድ ግን ከሁሉም ይበልጥብናል።

አምና አሠሪያችን በእግር የሚረገጡትን የስፌት መኪኖች አውጥታ የኤሌክትሪክ አስገባች። ቤቱን ከአባቷ ነው የወረሰችው። ሞተሮቹ ሲነሱ ሬዲዮዋ እንደ ንብ ቀፎ ጮኸች፤ የተራኪው ድምፅ ተዋጠ። ጋሽ ሞገድ ጥቂት ቀን ታገሡና ሥራ ለቅቄ ሞተር የሌለበት ስፌት ቤት እገባለሁ አሉ። በትረካው ሰዓት ቤትዎ ሄደው ይስሙት ስንላቸው፣ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ሰምቼ ስለ ታሪኩ ከማን ጋር ልከራከር አሉን። በዚያ ዕድሜ ሌላ ቀጣሪ እንደማያገኙ እሳቸውም እኛም እናውቃለን።

አሠሪያችን መጥታ አጠገባቸው ቆመች።

“ጋሼ፣ የትምህርት ቤት ልብስ ሥራ ተቀብያለሁ። በወሬ ሱሪ አይሰፋም።”

“አባትሽ የቀጠሩት እጄን ነው ልጄ፤ ጆሮዬን ማንም አልቀጠረውም።”

እኔ ሰው መሃል መግባት አልወድም፤ ድካም ነው ትርፉ። ያን ቀን ግን ከአፌ አመለጠኝ። ቁልፍ መትከሉንና የጠርዝ ዘምዘማውን ቀኑን ሙሉ በየመሃሉ እያቋረጥን ከምንሠራው፣ በትረካው ሰዓት ሞተሩን አጥፍተን ሁላችንም በእጃችን ብንሠራውስ አልኩ። አሠሪያችን ወደ እሳቸው ዞረች።

“ሁላችሁም ከሆነ እርስዎም ቁልፍ ይተክላሉ።”

በእኛ ሙያ ቁልፍ የለማጅ ሥራ ነው። ኮት የሚሰፋ ሰው ቁልፍ ትከል ከተባለ እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። ጋሽ ሞገድ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት።

“መርፌ አምጡልኝ” አሉ።

ቆራጯ እንኳ ያን ጊዜ አልቀለደችም። የትረካው ሰዓት ሲደርስ ሞተሮቹ ጠፉ። ተራኪው እኛ ሳንሰማ ብዙ ምዕራፍ አልፎ ሄዷል፤ በታሪኩ የነበረችው እናት ሞታለች፣ ልጇ አግብታለች። እንዴት እንደሞተች የሚነግረን የለም። ጋሽ ሞገድ ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው፣

“መቼስ የቀረ ቀረ” አሉና ሌላ ቁልፍ አነሡ።