የግማሽ ሰዓት መንገድ

አባቴ ልጅ ለሚጠይቁት ሽማግሌዎች አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፤ ሀብትም ዘርም አይጠይቅም። «ልጄ ስትወልድ እናቷ ደርሳ ታርሳታለች ወይ?» ነው የሚለው። ታላቅ እህቴን ለብስራተ ገብርኤል ሰፈር ልጅ ሲድራት ደስታውን አልቻለውም፤ ከላፍቶ ቤታችን በእግር ይደረሳላ። የኔ እጮኛ ግን ሚዛን ተፈሪ የተመደበ ጤና ረዳት ነበር።

«ሚዛን ደግሞ የት ነው?» አለ አባቴ፣ ሽማግሌዎቹ ገና እንደቆሙ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበሩ። ዘመኑ ደርግ ነው፤ የሊቀመንበርን ቃል ደፍሮ የሚያርም አይገኝም። «ጅማን ያውቁታል?» አሉት። አባቴ ጅማ ወንድም ስላለው ጅማን እንደ ጎረቤት ነው የሚቆጥራት። «በቃ፣ ከጅማ አውሮፕላን ማረፊያ ሚዛን አውሮፕላን ማረፊያ ግማሽ ሰዓት ነው!»

የአባቴ ፊት በራ። «እንግዲያው ከመርካቶም ይቀርባል። ተቀመጡ» አለ። ሽማግሌ ተቀመጡ ከተባለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። እኔ ጓዳ ሆኜ እልልታዬን በነጠላዬ አፈንኩት። እናቴ ግን ከኋላዬ ቆማ፣ «ዝናብ ሲሆንስ?» አለች። ከኔ በቀር የሰማት የለም።

ወለድኩ፤ ያውም በነሐሴ። እናቴ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥታ፣ የገብስ ዱቄቷንና ቅቤዋን ተሸክማ በአውቶቡስ ጅማ ገባች። አንድ ረፋድ ሚዛን አልጋዬ ላይ ሆኜ የአውሮፕላን ድምፅ ሰማሁ። «እማዬ መጣች!» አልኩ፤ ጎረቤቶቼም የገንፎውን ውሃ ጣዱ። አውሮፕላኑ በላያችን ዞረ፣ ደግሞ ዞረ፣ ከዚያ ድምፁ እየራቀ ሄደ። የሚዛን ማረፊያ ሣር ነው፤ ያን ሰሞን ጭቃ ሆኖ ነበርና ሊያርፍ አልቻለም። እኔም ልጄም አብረን አለቀስን። እናቴ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ባሌ የሚሠራበትን የጤና ጣቢያ ቆርቆሮ ቁልቁል እያየች እሷም ታለቅስ ነበር።

ጅማ መልሶ ሲያወርዳት ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ቤቱ ይመለሳል። የሷ አንጀት አልቻለም። ጨው ከጫነ መኪና ላይ ተሳፈረች። ጭቃው ሲይዘው ወርዳ ከወንዶቹ ጋር ገፋች። ስትደርስ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበር፤ የልጄ እትብት ወድቋል፣ ገንፎም ጎረቤቶቼ አብልተውኛል። «የኔን መች በላሽ?» ብላ እንደገና አገነፋች። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

«አባዬ ይህን ቢሰማ ይጸጸታል፤ ታናሽ እህቴንም ከላፍቶ አያስወጣትም» አልኳት።

«ምን ይሰማል? በአውሮፕላን ግማሽ ሰዓት ነው፣ አይቼዋለሁ። ማረፍ አለማረፉን ማን ጠየቀኝ?»

በጥር፣ ሣሩ ሲደርቅ፣ እናቴና አባቴ አብረው መጡ። አባቴ የክት ኮቱን ለብሶ፣ ሊቀመንበሩን እያመሰገነ ከአውሮፕላኑ ወረደ። ልጄን አቅፎ ሳመና ወደ እናቴ ዞረ።

«ይህን ያህል ቅርብ ከሆነ በክረምትም ለምን አልመጣም?»

እናቴ የኮቱን አቧራ አራገፈችለት። «ተው እንጂ» አለችው፣ «ክረምት የኔ ተራ ነው።»