ጋዝ የጠጣ ብሎኬት

ዱባይ ባለ የሕንፃ ተቋራጭ ድርጅት ግዥ ክፍል የተቀጠርኩ ዕለት፣ አለቃዬ ኢንጂነር ናዲር ጠረጴዛዬን እንኳ ሳያሳየኝ መኪና ውስጥ አስገብቶ ጎረቤት ከተማ አጅማን ወሰደኝ። «ዕቃ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ሻጩን ይወቅ» አለኝ። ያስተዋወቀኝ አቡ ሰይፍ ከሚባሉ የብሎኬት ፋብሪካ ባለቤት ጋር ነበር። ሽማግሌው አንዱን ብሎኬት በመዶሻ ሰብረው ውስጡን አሳዩኝ። «ልጄ፣ ላይ ላዩን አይተሽ አትግዢ» አሉኝ።

ለዓመታት ከእሳቸው ገዛን። ከዚያ የመንግሥት ሕንፃ የሚያሠሩ ደንበኞቻችን የጨረታ መስፈርታቸውን ቀየሩ። ከፋብሪካ ጭስ የተያዘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የገባበት ብሎኬት ለሚያቀርብ ተጫራች ተጨማሪ ነጥብ ይሰጣል ተባለ። ጋዙን ብሎኬት ውስጥ የሚያስገባውን መሣሪያ ለሚተክል ፋብሪካም ከመንግሥት ቀለል ያለ ብድር ተፈቀደ።

«ያለዚያ ነጥብ ሻርጃ ከተማ የሚሠራውን የመንግሥት ትምህርት ቤት ጨረታ አናሸንፍም» አለ ናዲር። «አቡ ሰይፍ እምቢ ካሉ ሌላ ሻጭ ፈልጊ።»

እምቢ አሉ። «በስተርጅና ጭስ ልሽጥ?»

«ጭስ አይደለም የሚሸጡት። ብሎኬቱ ገና ሳይጠነክር ጋዙን ይጠጣዋል፤ እዚያው ውስጡ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ሲሚንቶም ይቆጥብልዎታል።»

«እሺ፣ ተበድሬ ተከልኩት እንበል። ጨረታውን ብትሸነፉስ? ብድሩ የማን ነው?»

ጥያቄያቸውን ይዤ ቢሮ ተመለስኩና ለናዲር አንድ ሐሳብ አቀረብኩ፦ ብሎኬቱ የጥንካሬ ፈተናውን ካለፈ፣ ጨረታውን ብናሸንፍም ባናሸንፍም ለሌሎች ሥራዎቻችን እንገዛለን ብለን አስቀድመን እንፈርም።

ናዲር ሐሳቡን ጽፌ እንድሰጠው አዘዘኝ። «ለበላይ አለቆች የማቀርበው በአንቺ ስም ነው።»

«በስሜ ይቅረብ» አልኩ። ተፈረመ፤ አቡ ሰይፍም ተበድረው መሣሪያውን ተከሉ።

የመጀመሪያው ሙከራ ወደቀ። በዝግ ክፍል ጋዝ የተለቀቀበት ብሎኬት ላቦራቶሪ ውስጥ ክብደት ሲጫንበት ከድሮው ቀድሞ ፈረሰ። «ኸላስ፣ በቃ፣ ጊዜ የለንም» አለ ናዲር። ሰውዬውን ብድር ውስጥ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ።

በማግስቱ አጅማን ስደርስ አቡ ሰይፍ አልተቆጡኝም። ጋዙን ከሚያቀርበው ድርጅት ከመጣችው ቴክኒሻን ማርያም ጋር ብሎኬቶቹን እየዳሰሱ ነበር።

«በጣም እርጥብ ሆነው ነው የገቡት» አለች ማርያም። «ውኃው ቀዳዳዎቹን ደፍኖ ጋዙን አላስገባ አለ።»

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን? ያላ፣ ማራገቢያ አምጡ!» ብለው ሠራተኞቹን ጠሩ አቡ ሰይፍ።

ናዲርን አንድ የሙከራ ዙር እንዲጨምርልኝ ለመንኩት፤ ጨመረልኝ። ብሎኬቶቹ ከጋዙ በፊት በማራገቢያ እንዲጠፈፉ ተደረገ። የሁለተኛው ሙከራ ብሎኬት ከተጠየቀው በላይ ጠነከረ። ውጤቱን በስልክ ስነግራቸው አቡ ሰይፍ «ዋላሂ?» ብለው ሦስቴ አስደገሙኝ። ትምህርት ቤቱንም አሸነፍን።

አሁን የሻርጃ ብሎኬት አምራቾች የጋዝ ክፍሉን ለማየት ይመጣሉ። አቡ ሰይፍም ዘዴውን ራሳቸው የፈለሰፉት ይመስል ያስጎበኟቸዋል። እኔ ደግሞ የግዥ ክፍል ኃላፊ ሆኛለሁ።

ለአዳዲስ የግዥ ሠራተኞች የምነግራቸው ይህንን ነው። መንግሥት ነጥብም ብድርም መስጠት ይችላል። ፋብሪካ የሚለወጠው ግን ገዢው «እገዛለሁ» ብሎ አስቀድሞ ሲፈርም ነው።