ለጉዝጓዝ የታጨደው የዱሉዝ ሣር

ዌስት ሴንት ፖል፣ ቅዳሜ ንጋት

ወንድሜ ታደለ ከኩን ራፒድስ ተነሥቶ ደጄ ላይ ሲደርስ ገና አልነጋም። ደውሎ መጥራት ሲችል የመኪናውን ጥሩንባ ይነፋል፤ ጎረቤቶቼ ምን እንዳሉኝ እግዜር ይወቀው። ሁለት አካፋ፣ ጓንት፣ በፌስታል የምስር ሳምቡሳ ይዤ መኪናው ውስጥ ገባሁ።

«ይኼ ሁሉ ዕቃ ሣር ለመትከል ነው፣ ሰናይት?» አለኝ።

አንተ ላጨድከው ሣር ነው ልለው ነበር። በጠዋቱ ጠብ አልፈልግም ብዬ አፌን ያዝኩ።

የምንሄደው ሰሜን፣ ዱሉዝ ነው። ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። የአባታችን ጓደኛ ጋሼ ሙሉጌታ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሆስፒታል ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ዱሉዝ ላይ ትንሽ ቤት ገዙ። ቤቱ ያለው ትልቁ ሐይቅ ውስጥ እንደ ምላስ በገባ ቀጭን የአሸዋ መሬት ላይ ነው። በቤቱና በውሃው መካከል ያለው የአሸዋ ጉብታ ብቻ ነው፤ ጉብታውን ደግሞ ረጅም ሣር ለብሶታል።

ባለፈው ሰኔ የልጅ ልጃቸውን ክርስትና እዚያ ደገሱ። ከቡርንስቪል ሳይቀር ዘመድ ጎረፈ። ድግሱ ሁሉ ሞልቶ ጉዝጓዝ ተረሳ። እዚህ አገር የፕላስቲክ ሣር ማንጠፍ ለምደናል፤ ታደለ ግን «በክርስትና ቀን ፕላስቲክ ላይ ልንቆም? ነውር አይደለም?» ብሎ ተነሣ። ወንዶቹ የወጥ ቤት ቢላዋና የአትክልት መቀስ ይዘው ጉብታው ላይ ወጡ፤ እየዘፈኑ ያጭዱ፣ ያልታጨደላቸውን ከነሥሩ ይነቅሉ ጀመር። እኔ የሥራ ሺፍት ስለነበረብኝ አልሄድኩም፤ በስልክ ቪዲዮ ነው ያየሁት። እውነቴን ነው፣ ቤቱ አምሮ ነበር።

ለካ አሸዋውን የያዘው ያ ሣር ነው። ራቁቱን የቀረውን ቦታ ንፋስ የዚህን አገር በጋ ሙሉ ጠረገው፤ መስከረም ላይ ማዕበል አሰፋው። አሁን በጋሼና በጎረቤታቸው በማርጋሬት ቤት መካከል መኪና የሚያሳልፍ ክፍተት አለ። የማርጋሬት ቤት ደግሞ ዝቅ ያለ ነው።

«ውሃው በዚያ ከገባ ቀድሞ የሚያገኘው እሷን ነው» አሉኝ ጋሼ በስልክ። «አሮጊት ናት፣ ሌላ መግቢያ የላትም። በኛ ድግስ የሴትዮዋ ቤት ከሄደ በምን ዓይኔ አያታለሁ? ኑና መልሳችሁ ትከሉልኝ።»

ሁሉም እመጣለሁ አለ። ትናንት ማታ አንዱ ሥራ ገባሁ፣ አንዷ ልጅ ታመመብኝ እያሉ ቀሩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ለማጨድ አገር ምድሩ ነበር፣ ለመትከል ሁለት ሰው ቀረን።

ሂንክሊ

ለነዳጅ ቆምን። እዚህ ማደያው አጠገብ ሰው ሁሉ የሚገዛው ካራሜል የፈሰሰበት ጥቅል ዳቦ አለ፤ አንዱ ለሦስት ሰው ይበቃል። ታደለ ገዝቶ አልበላውም። ታክሲ ነጂ ነው፣ ሲነዳ ያወራል፤ ዛሬ ግን እዚህ ድረስ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ ነዳ።

«ሣር ነው ብዬ ነው እኮ» አለኝ ድንገት።

«ሣርማ ነው።»

«ማን ነገረኝ? እዚህ አገር እንኳን አሸዋ፣ እግረኛ መንገድ ላይ ምልክት ይተክላሉ።»

ሣሩን አትንኩ የሚል ምልክትስ ነበረ፤ ጋሼ ነግረውኛል። በድግሱ ግርግር ማን ያነባል።

ዱሉዝ

ከኮረብታው ስንወርድ ሐይቁ ድንገት ፊታችን ተዘረጋ። ዳር የለውም። ሰማዩም ውሃውም አንድ ዓይነት ግራጫ ነው። ስልኬ ላይ ለማምሻው የንፋስ ማስጠንቀቂያ መጣ፤ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ማለትም በቀጥታ ወደ ጋሼ ደጅ። ወደ አሸዋው መሬት የሚያሻግረው ድልድይ መርከብ ለማሳለፍ ተነሥቶ ስለነበር ቆመን ጠበቅን።

ጋሼ የሱፍ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው ደጅ ቆመዋል። ከኋላችን ሌላ መኪና ይመጣ እንደሆን አንገታቸውን አሰገጉ።

«እናንተ ብቻ ናችሁ?»

«እኛ ብቻ ነን፣ ጋሼ።»

«ይሁን። እንኳን መጣችሁ።»

ማርጋሬት በላስቲክ ቦት ጫማ፣ የሣር ችግኝ ሳጥን ታቅፋ መጣች። ሰማንያ ዓመት አልፏታል፤ የተወለደችው እዚያው ዝቅ ያለው ቤት ውስጥ ነው። አተካከሉን በእንግሊዝኛ አሳየችን፦ ስንዝር የሚያህል ቆፍሮ፣ ሁለት ሦስት ዘለላ አስገብቶ፣ ዙሪያውን በእግር መርገጥ።

«ንፋሱ አሸዋ ያመጣል፣ ሣሩ ይይዘዋል። አሸዋው ሲቀብረው ሣሩ እንደገና ወደ ላይ ይበቅላል። ጉብታው እንዲህ ነው የሚያድገው» አለች።

«ግንብ ቢገነባስ?» አላት ታደለ።

«ማዕበል ግንቡን መትቶ ሲመለስ ከፊቱ ያለውን አሸዋ ይዞት ይሄዳል። ጉብታ ግን ቢበላም መልሶ ይተካል፣ ሣሩ ካለ። ድሮ ክረምቱን ሐይቁ ዳር በረዶ ይጋግርልን ነበር፤ ማዕበሉ አይደርስብንም። አሁን በረዶው ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይመጣም። ያለን ይኼ አሸዋ ብቻ ነው።»

«ይኼ የተከልነው መቼ ይይዛል?»

«ሁለት ዓመት ካገኘ።»

ሁላችንም ዞረን ሐይቁን አየን። ነጭ አረፋ ከሩቅ መታየት ጀምሯል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው መጣብኝ። ጎንበስ ብለን ተከልን። አሸዋው ቅዝቃዜው በጓንት ውስጥ ያልፋል።

ሳጥኑ ሲያልቅ ታደለ ቀና ብሎ ለማርጋሬት ነገራት። «ያጨድኩት እኔ ነኝ። ሌሎቹን ያስነሣሁትም እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። በመስኮት አይቻችኋለሁ» አለችው።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉን?»

«ትዘፍኑ ነበር። ሙሉጌታ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ሣሩ ይበቅላል ብዬ ተውኩት።»

ጋሼ አካፋውን አንሥተው ቀድመውን ወደ ቤት ገቡ።

የመልስ ጉዞ

ምሳ በቅጡ ሳንበላ አባረሩን። «ንፋሱ መንገድ ላይ እንዳያገኛችሁ፣ ሂዱ» አሉ ጋሼ። ታደለ ልደር አለ፤ እሺ አላሉትም። ፓይን ሲቲ ስንደርስ ዝናቡ በጎን ይመታን ጀመር፤ የጭነት መኪኖች እየተወዛወዙ ያልፋሉ። አንዴ ለጋሼ ደወልኩ፤ አያነሡም። ደግሜ ደወልኩ፣ አያነሡም። ታደለ በየአውራ ጎዳናው መውጫ «እንመለስ?» ይለኛል፣ እኔ «ንዳ» እለዋለሁ።

ዌስት ሴንት ፖል፣ ደጄ ላይ መኪናውን ሲያቆም ስልኬ ጮኸ። ድምፁን ለሁለታችን ከፈትኩት።

«ገባ» አሉ ጋሼ። «በክፍተቱ ነው የመጣው። የተከላችሁት አንድ አልቀረም። ወጥ ቤቷ በሙሉ ውሃና አሸዋ ነው፣ የኋላው ግድግዳ ተንዷል።»

«እርስዎስ?»

«የኔ ቤት ደኅና ነው። ምነው በኔ በሆነ፣ ሰናይት። ምነው በኔ በሆነ።»

«ማርጋሬት የት ናት?»

«እኔ ቤት፣ ሳሎን ናት። ጋቢ ደርቤላት ተቀምጣለች። ስለ ቤቷ አንድ ቃል አልተናገረችም። ልጆቹ በሰላም ገቡ ወይ፣ መንገዱ መጥፎ ነው እያለች እናንተን ነው የምትጠይቀኝ። ምን ልበላት?»

ታደለ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቷል።

«ገብተዋል በሏት» አልኳቸው።

ማናችንም ከመኪናው አልወረድንም።