ስለት የማይቀበል ብረት

ቱሪስት እንደ ልብ በሚመጣበት ጊዜ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ጨነቅ ካምፕ ምግብ አብሳይ ነበርኩ። ሙያውን ያስተማሩኝ ዋና አብሳያችን ዕቃ ሲገዙ ኪሳቸው ውስጥ ማግኔት አይጠፋም። ማግኔቱ የማይይዘውን ማንኪያና ሹካ ይመርጣሉ። «ይሄ ክሮምየምም ኒኬልም አለበት፤ ዝናብ ላይ ቢያድር አይዝግም» ይሉኛል። ጀርባው ላይ 18/10 ተብሎ ተቀርጾበታል፤ ከመቶ አሥራ ስምንቱ ክሮምየም፣ አሥሩ ኒኬል ማለት ነው። 18/0 የሚለው ኒኬል ስለሌለው ማግኔት ይይዘዋል፤ ርካሽ ነው፣ ቶሎም ይደበዝዛል። ቢላዋ ግን ሌላ ነው። ስለት እንዲይዝ በእሳት ግሎ የጠነከረ ብረት ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ደግሞ እርጥበት አይችልም።

በጸጥታው ችግር መንገድ ሲዘጋና እንግዳ ሲጠፋ የካምፑ ዕቃ በሣጥን ሆኖ ከደባርቅ በላይ ቡይት ራስ ያለው ቤቴ ገባ። ያን ክረምት ጣራው አፍስሶ ሣጥኑ ውስጥ ውሃ ሲገባ ማንም አላየም።

ባለቤቴን ምጥ ያለ ቀኑ ያዛት። ደባርቅ ጤና ጣቢያ ልትወልድ ነበር ያሰብነው፤ ቤት ውስጥ ያዘጋጀነው ነገር የለም። መኪናም የለም። ጎረቤታችን አሮጊት መጥተው «ማርያም ትፍታሽ» እያሉ አዋለዷት። ሴት ልጅ ተወለደች። እንግዴ ልጁ ግን አልወጣም፤ ደሙም አልቆመም።

«እትብቱን የምቆርጥበት አምጣ» አሉኝ።

ቤት ያለው ምላጭ ጢሜን የላጨሁበት፣ የቆሸሸ ነው። ሮጬ ሣጥኑን ከፈትኩ። ማንኪያዎቹ እንደ አዲስ ያበራሉ፤ ቢላዋዎቹን በሙሉ ዝገት በልቷቸዋል። አንዱን ይዤ ስገባ አሮጊቷ እጄን ገፉት።

«አስወጣልኝ! የልጄን ልጅ እትብት እንዲህ ባለ ብረት ቆርጠን፣ መንጋጋ ቆልፍ ይዞት ነው የቀበርነው።»

«አፈላዋለሁ፣ እማማ።»

«አይሆንም አልኩህ!»

ወጥቼ አንድ ማንኪያ አነሳሁና እጀታውን ድንጋይ ላይ መሳል ጀመርኩ። ያ ብረት ስለት እንደማይቀበል አውቃለሁ። ግን እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? ዝናቡ ይወርዳል፣ እኔ እስላለሁ። ጣቴ ላይ ሞከርኩት፤ ቆዳዬን እንኳ አልጫረውም። እንደገና ሳልኩ። ድንገት ልብ ስል ከውስጥ የባለቤቴ ድምፅ አይሰማም። እዚያው ጭቃ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

አሮጊቷ በሩ ላይ ቆመው አዩኝ።

«ተወው ልጄ። እንዲሁ እንዳሉ ተሸክመን እንውረድ።»

«እትብቱ ሳይቆረጥ?»

«ሳይቆረጥ። ተነስ!»

ጎረቤት ተጠራርቶ ቃሬዛ ሠራ። ልጅቱን እናቷ ደረት ላይ አስተኝተን ሁለቱንም በጋቢ ጠቀለልናቸው። ጉሙ ወርዶ ፊት ያለውን ሰው እንኳ አያሳይም። ጭቃው ያንሸራትታል፤ ተሸካሚዎቹ ይቀያየራሉ። እኔ «አለሁ በይኝ» እላታለሁ። መጀመሪያ «አለሁ» ትለኝ ነበር። ከዚያ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ደባርቅ ስንገባ እሱም ቀረ።

የጤና ጣቢያው ነርስ ጠይቃን ሳትጨርስ እትብቱን በመቀስ ቆረጠች፤ ልጅቱን አሳቅፋኝ አስወጣችን። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የልጄን ፊት ማየት አቃተኝ። እናቷ ከሞተች ምን ብዬ ላሳድጋት ነው?

ብዙ ቆይታ ነርሷ ወጣች። «እንግዴው ወጥቷል፤ ደሙም ቀንሷል። ግን ገና ነው፣ ጸልዩ» አለችን።

በማግስቱ ባለቤቴ ዓይኗን ገለጠች። «ልጄስ?» አለች፤ ድምፅዋ አይሰማም ማለት ይቻላል። አሮጊቷ ያን ጊዜ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት። እስከዚያች ሰዓት ማንም ደፍሮ አላላትም ነበር።

በእግሯ ለመቆም ብዙ ወራት ፈጀባት። ልጅቱ ዛሬ ድክ ድክ ትላለች። እኔ ያገኘሁትን የቀን ሥራ እሠራለሁ። መንገድ ተዘጋ በተባለ ቁጥር ግን ከሰፈሩ ሴቶች ነፍሰ ጡር የሆነችው ማን እንደሆነች አስባለሁ።