ጎማው ጣቴን ሲስብ

ወደ ደካ በሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ላይ ከመንገድ የወጣችው ፒካፕ ተጎትታ ጋራዤ ገባች። ሹፌሯ ታናሽ ወንድሜ ነው። እሱን ጭረት እንኳን አልነካውም፤ ከኋላ ተጭነው የነበሩ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው አንዲት የሰፈራችን እናት ግን ሞተዋል። ወንድሜ ቦንጋ ፖሊስ ጣቢያ ተቀምጦ «ፍሬኑ እምቢ አለኝ» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም።

«ይመርምሩልን» አለኝ ትራፊኩ።

«ወንድሜ'ኮ ነው! ሌላ ሰው ፈልጉ።»

«ሌላው መካኒክ ቢታ ገነት ሄዷል። ደግሞ እርስዎ እንደማይዋሹ አገር ያውቃል።»

እሰይ! ስም ማትረፌ ለዚህ ቀን ኖሯል።

ማልቀስ ነበረብኝ፤ ግን ምንም አልተሰማኝም። መፍቻዬን አነሳሁ። የናፍጣ ሞተር ለፍሬኑ ብቻ አየር የሚስብ ፓምፕ አለው፤ ሞተሩ ሲዞር አብሮ ይዞራል። ፓምፑ ከሞተ ወይም እግርን የሚያግዘው ሰርቮ ከተቀደደ ፔዳሉ ይደርቃል። እንደዚያ ከሆነ ጥፋቱ የመኪናዋ ነው፣ ወንድሜም ቤቱ ይገባል።

ሞተሩን ሳላስነሳ ፔዳሉን ደጋግሜ ረገጥኩት፤ ደረቀ። እግሬን ሳላነሳ አስነሳሁ። ፔዳሉ ለስለስ ብሎ ወረደ። ሰርቮው ደህና ነው። አላምን ብዬ ወርጄ ከፓምፑ የሚመጣውን የጎማ ቱቦ ነቀልኩና አፉን በአውራ ጣቴ ደፈንኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ጎማ ጣቴን ሲስብ ደስ ይለኝ ነበር። ያን ቀን ግን «በፈጠረህ፣ አትሳብ» አልኩት። ጥብቅ አድርጎ ሳበኝ።

ናፍጣ በወረፋ ከሆነ ወዲህ የኛ አገር ሹፌር ቁልቁለት ሲያገኝ ሞተር ያጠፋል፤ ቆጠባ መሆኑ ነው። ሞተር ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል፤ ፔዳሉም ይደርቃል።

«ፍሬኗ ደህና ነው» አልኩት ትራፊኩን።

«ተሳፋሪዎቹም ቁልቁለቱ ላይ የሞተር ድምፅ አልነበራትም ብለዋል» አለኝ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ለምሳ ቆጮ በጎመን ይዤለት ጣቢያ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ መኪናዋን አየሃት?»

«አየኋት።»

«ደረቀብኝ'ኮ! በሁለት እግሬ ቆምኩበት፣ ወይ ፍንክች። እውነቴን አይደለም?»

«እውነትህን ነው» አልኩት። እውነቱን ነበር።

ፊቱ ፈካ። ቆጮውን ቆረሰና «እንግዲያው ዛሬ ይለቁኛል» አለኝ። «ለእማማ ቀብር እደርሳለሁ።»

ጎመኑን ወደ እሱ አስጠጋሁለት።

«መጀመሪያ ብላ» አልኩት።