ግራዝማችን ያስነበብኋቸው ዋጋ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ቤዛ ስልኳን ይዛ እፊቴ ተቀመጠችና፣ «አባባ፣ እስቲ ይኼን አንብብልኝ፤ ክፉ ቃል አለበት?» አለችኝ። ቤዛ ከትምህርቷ መልስ ቤት ለቤት እየዞረች የሰው ልጆች ሒሳብ ታስጠናለች። ሦስት ቤት አላት፤ ሦስቱም ከያዘቻቸው ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። መልእክቱ አጭር ነው፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የማስጠኛው ዋጋ ይጨምራል፣ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን ይላል። «እናመሰግናለን» ማለቷ አሳቀኝ፤ ብቻዋን ናት እኮ!

«ምነው ሄደሽ አትነግሪያቸውም?» አልኋት።

«ውይ አባባ! ፊታቸውን እያየሁ? እሞታለሁ እንጂ አልናገርም!»

ሳቄ እዚያው ቀረ። ያንን ፍርሃት አውቀዋለሁ። እኔን የያዘኝ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላኝ፣ ጣልያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እዚሁ ጎንደር ነው።

ትውልዴ ኮሶዬ ነው። ከደብሩ ቄስ ዘንድ ዳዊት ከደገምሁ በኋላ ጎንደር የመንግሥት ትምህርት ቤት ገባሁ። ቁስቋም አጠገብ እትዬ ላቀች ከሚባሉ ባልቴት አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየሁ። ስንቄ ከቤት የሚመጣ በሶና ቆሎ ነበር፤ የበሶው ነገር አይነሳ፣ እስከ ዛሬ ሳየው ጉሮሮዬ ይደርቃል። ኪራዩን የምከፍለው ደግሞ ግራዝማች ቢያድግልኝን ንባብ በማስጠናት ነው። ያ እንጀራ ከተቋረጠ ትምህርቱም ተቋረጠ፣ ወደ ኮሶዬ ተመልሼ ከበሬ ኋላ ነኝ ማለት ነው።

ግራዝማች አምስቱን ዓመት በአርማጭሆ በረሃ ጣልያንን ሲያስጨንቁ የኖሩ አርበኛ ናቸው። ረጅም፣ ደረቅ ያሉ፣ የግራ ቅንድባቸውን ጠባሳ ለሁለት የከፈለባቸው ሰው ነበሩ። ሲቆጡ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ ዝቅ ነው የሚያደርጉት። «ለዋሸኝ ሰው አንዲት ጥይት አስቀምጫለሁ» ይላሉ ተብሎ በሰፈሩ ይወራ ነበር። ማን እንደዋሻቸው የሚያውቅ ግን አልነበረም። የኔ ነገር፣ ያቺ ጥይት የት እንደተቀመጠች በየዕለቱ በዓይኔ እፈልግ ነበር!

ትምህርታችን ምስጢር ነው። ጀግና በሽበቱ ፊደል ቆጠረ ተብሎ እንዳይሳቅባቸው፣ ባለጉዳዩ ደጃቸው ላይ ሳይሰበሰብ፣ ማለዳ በእህል ቤቱ ውስጥ እንቀመጣለን። የሽምብራ ጆንያ ለሳቸው፣ ዝቅ ያለው በርጩማ ለኔ። ከኋላቸው ምንሽራቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ፊደሉን የሚጠቁሙት በስንደዶ አልነበረም፤ በጥይት ቀለህ ነው። ቀለሁ ወረቀቱ ላይ ቀጭ ባለ ቁጥር እኔ እደነግጣለሁ።

ስንጀምር የተዋዋልነው በሳምንት ሁለት ቀን፣ በወር ሦስት ብር ነበር። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ፊደል ከፊደል መግጠም ቻሉ፤ ያን ጊዜ ጉጉታቸው ልክ አጣ። «ሸጋ ነው፤ ነገም ና» ይሉኛል። ነገ ስሄድ፣ «ከነገ ወዲያም ና» ይላሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለቱ ቀን አራት ሆነ። ስለ ዋጋው እሳቸው አላነሱ፣ እኔም አላነሳሁ። አባቴ ያስተማረኝ «ዝም አይነቅዝም» የሚል ነው፤ ነገር ግን ዝም ያለ ሰው ይነቅዛል ለካ።

ጥቅምት ላይ እትዬ ላቀች ደጃቸው ተቀምጠው የባቄላ እሸት ሲፈለፍሉ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ከኅዳር ጀምሮ ኪራዩ በአንድ ብር ከፍ ይላል። ቅር እንዳይልህ፣ ኑሮው ነው» አሉና አንድ እፍኝ እሸት በመዳፌ ጨመሩልኝ። አለቀ! እንዴት ቀለላቸው! እያላመጥሁ ችግሬን ብነግራቸው፣ «ታዲያ ሂድና ንገራቸዋ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማህም?» አሉ። ማለቱስ ቀላል ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ ስንቅ ላመጣ በእግሬ ወደ ኮሶዬ ወጣሁ። የጥቅምት መንገድ ደስ ይላል፤ ገብሱ ቢጫ ሆኖ ነፋሱ ያስተኛዋል፣ አደይ አበባው ረግፎ ማለቂያው ነው፣ ከደባርቅ የሚመጣ ማኪና አልፎ አልፎ አቧራውን አልብሶህ ያልፋል። እኔ ግን ምኑንም አላየሁት። «ግራዝማች፣ አንዲት ነገር ነበረችኝ» እያልሁ እለማመዳለሁ። አንዴ ድምፄ ይቀጥናል፣ አንዴ ይጠፋል። አህያ የሚነዱ ሽማግሌ ደረሱብኝና፣ «ምነው ልጄ፣ ከማን ጋር ነው የምትሟገተው?» አሉኝ።

«ከማንም አያ፣ ትምህርቴን እያጠናሁ ነው።»

«ሸጋ። ብቻ እንዳነጋገርህ ከሆነ የተረታህ ትመስላለህ» ብለውኝ አለፉ።

እውነታቸውን ነበር። ስመለስ ያ ወኔ የሌለው ጭንቅላቴ አንድ ብልሃት ወለደ። ለግራዝማች በየትምህርቱ የሚነበብ አራት መስመር እየጻፍሁ እወስድ ነበር። ታዲያ በአፌ ከምል ለምን አላስነብባቸውም? ማታውን ጻፍሁት። «በሬው ሣር በላ። ዝናቡ አባራ። ገብሱ ደረሰ።» በአራተኛው መስመር፣ «ከኅዳር ጀምሮ የትምህርቱ ዋጋ አምስት ብር ነው።» ብልህ ነኝ ብዬ ተኛሁ።

ሰኞ ማለዳ በርጩማዬን ወደ በሩ ጠጋ አደረግሁ። ግራዝማች በሬውን አነበቡ፣ ዝናቡን አነበቡ፣ ገብሱ ላይ ሲደርሱ ደስ ብሏቸው ሳቅ አሉ። ከዚያ ቀለሁ ወደ አራተኛው መስመር ወረደ። «ከ... ኅ... ዳር...» ጌታዬ! አንድን ቃል ለማንበብ ያን ያህል ጊዜ ይፈጃል ብዬ አላሰብሁም። ወረቀቱን ከእጃቸው ነጥቄ ልውጥ ምንም አልቀረኝ። «የት... ም... ህር... ቱ...» አሁን ብሮጥ ውሻቸው ደጅ ላይ ነው፤ ብቀመጥ ምንሽሩ ከፊቴ ነው። «ዋ... ጋ...» ሲሉ ቀለሁ ቆመ። እጃቸው ተንቀጠቀጠ። እኔ ከዚያ በፊት እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አይቼ አላውቅም። ቃሎቹን በከንፈራቸው ብቻ እንደገና ደገሟቸው፣ ወረቀቱን አጠፉ፣ ከደረታቸው ኪስ ከተቱት።

«ሂድ» አሉ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ወጣሁ። እግሬ እንዴት ቁስቋም እንዳደረሰኝ አላውቅም። ረቡዕ ቀረሁ፣ ሐሙስም ቀረሁ። ልብሴን በከረጢት አስሬ፣ የበር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እነሳለሁ። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ዓርብ ጧት የግራዝማች አሽከር ጠመንጃውን አንግቶ ከእትዬ ላቀች ግቢ ገባ። አበቃልኝ አልሁ። ሰውየው አንዲት ቃል ሳይናገር የታጠፈች ወረቀት ሰጥቶኝ ተመለሰ። ስከፍታት፣ አንዱ ፊደል ግመል፣ አንዱ ፍየል አክሎ፣ ቀለሙ በየቦታው ፈሶ፣ እንዲህ ይላል፦ «ና። በአፍህ ንገረኝ።»

ግራዝማች በሕይወታቸው የጻፉት የመጀመሪያ ደብዳቤ ያ ነው። ስማቸውን እንኳ ጽፈው አያውቁም ነበር።

ሄድሁ። የምቀመጥበት በርጩማ ከበሩ ርቆ፣ ከጆንያው አጠገብ ተቀምጧል። ቆሜ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ «ግራዝማች፣ ሁለቱ ቀን አራት ሆኗል፣ የቤት ኪራዬም ጨምሯል፤ ከኅዳር ጀምሮ አምስት ብር ቢያደርጉልኝ» አልሁ። ድምፄ እንደ ፍየል ግልገል ነበር።

«ይኸው ከአፍህ ወጣ» አሉ። «አምስት ይሁን። ተገቢ ነው፤ እኔ ነበርሁ ማሰብ የነበረብኝ። ምነው ታዲያ ያን ዕለት እንዲህ አላልኸኝም?»

«ፈራሁ።»

«ማንን?»

«እርስዎን።»

ከዚያ የቀኝ አውራ ጣታቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። «ከበረሃ በገባሁ ዓመት የገዛ ዘመዴ ወረቀት ይዞ መጣ። የምስክርነት ቃል ነው አለኝ። አነበበልኝ፤ መጀመሪያው ሁሉ ሸጋ ነበር። ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምሁ። የመጨረሻውን መስመር ግን አላነበበልኝም። ሳንጃ በኩል የነበረኝ የአባቴ መሬት በዚያ መስመር ሄደ። በሽበቴ ፊደል ልቁጠር ያልሁት ዳግመኛ ወረቀት እንዳያታልለኝ ነው። ሰኞ ዕለት በሬው ሣር በላ፣ ዝናቡ አባራ እያልሁ ደስ ብሎኝ ስወርድ፣ ከታች የማላውቀው ነገር አገኘሁ። እጄ የተንቀጠቀጠው ከቁጣ መስሎህ ነበር?»

«አዎ» አልሁ።

«እኔም ፈራሁ ልጄ» አሉ። «ገንዘቡን አይደለም። አንተንም እንደ ዘመዴ አምኜህ ነበርና ነው።»

ያንን የሚሉት እኚያ አምስት ዓመት ሙሉ ጣልያን ያልደፈራቸው ሰው ናቸው። አፈርሁ። እሳቸው ግን ቀለሁን አንስተው፣ «በል፣ የዛሬውን አምጣ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አዲስ ወረቀት ባቀረብሁ ቁጥር ከሁሉ አስቀድመው የመጨረሻውን መስመር ያነቡ ነበር። ሁለት ዓመት አስጠናኋቸው፤ አንድም ቀን ከላይ አልጀመሩም።

ለቤዛ ይኼን ሁሉ ስነግራት ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሰማችኝ። መጨረሻ ላይ ያንን «እናመሰግናለን» አንዴ አየችውና መልእክቱን በሙሉ አጠፋችው። «ፈርቻለሁ፤ ብቻ የመጀመሪያው ቤት ቅርብ ነው» ብላ ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ከበሩ ሳትርቅ ዞር ብላ፣ «አባባ፣ ታዲያ ይቅርታ ጠየቅሃቸው?» አለችኝ።

ጠይቄያለሁ ልላት አፌን ከፈትሁ። ነገር ግን አልጠየቅሁም። ነገ ዛሬ ስል ትምህርቴን ጨርሼ ወደ ሌላ አገር ተመደብሁ፤ ስመለስ ለቅሷቸው እንኳ አልፎ ነበር። ዋጋዬን ለመናገር አንድ ሳምንት ፈጀብኝ፤ ይቅርታውን ይኸው በስተርጅናም በአፌ አላወጣሁትም። ልጅቱ ከሄደች በኋላ ቁጭ ብዬ ይህችን ጻፍሁ። ግራዝማች፣ እርስዎ እንደሚያነቡት ከታች ቢጀምሩ ብዬ በመጨረሻው መስመር ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ፣ ዛሬም በወረቀት ስለመጣሁ ጭምር።